«ጭንቅላትዎ ደህና ነው» ከተባሉ በኋላ

ፖስታው ከእሳቸው ቀድሞ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ስለመጡ ጠርዙ ተጣጥፏል። ወይዘሮዋ ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ምንም የለብዎትም አሉኝ» አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም። መስኮቴ ወደ ጦሳ ተራራ ይመለከታል፤ ፊልሙን አውጥቼ በብርሃኑ ላይ ዘረጋሁት። በረድፍ በረድፍ የተደረደረ የአንጎል ምስል ነው። ከፊልሙ ጋር የተያያዘው ወረቀት ማጠቃለያው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ያልተለመደ ነገር አልታየም።

«ታዲያ ምንም ከሌለብኝ፣» አሉ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋሽ የኖርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ጥቂት ነገሮችን ለውጫለሁ፤ የሕክምናውን ሂደት፣ የራሴን ስህተት ጭምር፣ እንደነበረ ትቼዋለሁ።

ዕድሜያቸው 46 ነው። ደሴ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ፤ ንግዱን ከእናታቸው ነው የወረሱት። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ሱቃቸውን ቆልፈው ወጡ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲመለሱ ቁልፉ እንጂ ሱቁ አልጠበቃቸውም፤ ጆንያው ቀርቶ ሚዛኑ እንኳ ተወስዷል። በዕቁብና በዱቤ እንደገና ጀመሩ። እንደ ብዙ ሰው ያን ጊዜ አልታመሙም። ሕመሙ የመጣው ነገር ሁሉ ረጋ ካለ፣ ሰው «ተመስገን፣ አለፈ» ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

ወሎ ውስጥ «ድብርት ይዞኛል» ብሎ ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። እሳቸውም «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይከብደኛል» ብለው ነበር መንገዱን የጀመሩት። ለጨጓራ ታከሙ። ሁለት ጊዜ ለታይፎይድ ታከሙ። ቤት ውስጥ ዱአ ተደረገላቸው፤ በእናታቸው በኩል ያሉት ክርስቲያን ዘመዶቻቸው ደግሞ ጠበል ወሰዷቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ቅሬ መሄድ አቆሙ። የለቅሶው ማኅበር ሌላው አገር ዕድር የሚባለው፣ እኛ ቅሬ የምንለው ነው፤ እዚህ ከቅሬ የሚቀር ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። እሳቸው ከማንም አልተጣሉም።

ከሁሉ በላይ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ስለ ኮረሪማ የነገሩኝ ነው። በፊት ኮረሪማ ሲገዙ አንዱን ፍሬ ፈልፍለው፣ በጣታቸው አሽተው፣ ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ የትኛው ክረምት እንደነካው ያውቁ ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። የአፍንጫ ነገር መስሎኝ «አይሸትዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይሸተኛል» አሉ፣ «ግን ምንም አይለኝም።» የድብርት ሕመም ዋና ምልክት የሆነውን ደስታ ማጣትን ከዚህ ባጠረና በጠራ አማርኛ ሲገለጽ አልሰማሁም።

ወደ እኔ የመጡት ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአንድ የጤና ተቋም አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ስድስት ወር ወስደዋል። ይህ መጠን ለራስ ምታትና ለእንቅልፍ እንጂ ለድብርት የሚበቃ አይደለም። ቀጥሎ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊ ግራም ተሰጥቷቸው በአሥረኛው ቀን «አቅበጠበጠኝ» ብለው ጣሉት። ከዚያ እንደገና አሚትሪፕቲሊን፣ አሁን 50። እኔ ጋ ሲደርሱ በዘጠኝ ጥያቄ ድብርትን በሚለካው፣ ፒኤችኪው-9 በሚባለው ቅጽ ከ27 ነጥብ 19 አመጡ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። «ራሴን አላጠፋም፤ ሐራም ነው። ባልነቃ ግን አልጠላም» አሉ።

አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከሳምንት የሚበልጥ አልሰጠኋቸውም፤ ኪኒኑንም ከእሳቸው ጋር የምትኖረው የእህታቸው ልጅ እንድትይዘው አደረግሁ። ልጅቷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በየማታው ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርጋ፣ ሲውጡ ዓይታ፣ በሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ መስመር ታሰምር ነበር። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራቸው ደህና ስለነበር በአራት ሳምንት ውስጥ መጠኑን ወደ 100 ሚሊ ግራም ከፍ አደረግሁት። ነጥባቸው 18 ሆነ። ምንም ማለት አይደለም። ካርዳቸው ላይ «የጎንዮሽ ጉዳት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን መስመር ያዙልኝ።

በዚህ መሐል ነው አሜሪካ የሚኖረው ወንድማቸው የደወለው። በሚከፍለው ገንዘብ ሳይሆን በጭንቀቱ የተነሳ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ነው። «ዶክተር፣ እዚህ እኮ የአንጎል ፎቶ አንስተው ነው የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለዩት። እናንተ ለምን እታለሜን በግምት ታክማላችሁ?»

«በግምት» የምትለዋ ቃል ቆረቆረችኝ፤ የቆረቆረችኝ ግን እውነት ስለሆነች ነው። ስታር-ዲ በተባለው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት 2,876 ሰዎች መጀመሪያ ሲታሎፕራም ሲሰጣቸው ሙሉ በሙሉ የተሻላቸው ከሦስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት መድኃኒት ይቀየራል፣ ይደረባል፤ ደግሞ ሳምንታት ይጠበቃል። ማን በየትኛው እንደሚድን አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ ቢኖር የስንቱ ቤት ወራት ይተርፍ ነበር። ወንድምየውም የሰማው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሄለን ሜይበርግና ባልደረቦቿ፣ አንጎል ስኳር የሚፈጅበትን ቦታ በሚያሳየው ፔት በተባለው መሣሪያ፣ ከሕክምና በፊት የድብርት ታካሚዎችን አንጎል ተመለከቱ። የፊተኛው ሲንጉሌት ከሚባለው ክፍል አንዱ አካባቢ ብዙ የሚሠራባቸው ታካሚዎች ኋላ በመድኃኒት ተሻላቸው፤ ያው አካባቢ የደከመባቸው አልተሻላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 አትላንታ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ። ኢንሱላ የሚባለው ክፍል ከአማካይ በታች የሚሠራባቸው በንግግር ሕክምና፣ ከአማካይ በላይ የሚሠራባቸው ኤስሲታሎፕራም በተባለው መድኃኒት የተሻለ ውጤት አገኙ። በ2024 ስታንፎርድ ላይ የ801 ሰዎችን አንጎል ያጠኑ ተመራማሪዎች ድብርትንና ጭንቀትን ለስድስት ዓይነት ከፈሉት፤ አንደኛው ዓይነት ቬንላፋክሲን ለተባለው መድኃኒት የተሻለ ምላሽ ሰጠ።

እነዚህን ጥናቶች እወዳቸዋለሁ። ሆኖም ከእነሱ ተነስቶ ለአንዲት የደሴ ነጋዴ መድኃኒት መምረጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ለወንድምየው በስልክ ያስረዳሁት በእህቱ ሙያ ነበር። ሁለት ጆንያ ኮረሪማ ከሁለት አገር መጣ እንበል። ሁሉንም ቢመዝኑ የአንደኛው ፍሬ በአማካይ ጥቂት ይከብዳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንዲት ፍሬ መዳፍዎ ላይ ባኖር ከየትኛው ጆንያ እንደመጣች አያውቁም። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት 1,809 ሰዎችን ይዞ፣ በአንጎል ቅርጽና አሠራር ብቻ የድብርት ታካሚውን ከጤነኛው ለመለየት ሞከረ። እያንዳንዱ የአንጎል መለኪያ ለብቻው ሲታይ በትክክል የለየው ከመቶ 54 እስከ 56 ነው። ሳንቲም ቢወረወር 50 ይሆን ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ገና የታመመውን ካልታመመው መለየት ነው፤ የትኛው መድኃኒት ይሻለዋል የሚለው ከዚህ የባሰ ከባድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ድብርትን በአንጎል ክፍሎች ግንኙነት ለአራት የከፈለ ሥራ ብዙ ተጨብጭቦለት ነበር፤ በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች በሌሎች ታካሚዎች ላይ ሲሞክሩት አራቱ ክፍሎች ጸንተው አልቆሙም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩለት፤ እኔ ራሴ ለመረዳት ጊዜ የወሰደብኝ ነገር ነው። «ይህ ሰው ይድናል» ማለትና «ይህ ሰው በዚህ መድኃኒት ይድናል» ማለት አንድ አይደሉም። ኤምባርክ በሚባለው ጥናት የአንጎልን ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካው ኢኢጂ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የሲንጉሌት አካባቢ በደንብ የሚሠራባቸው ሰዎች የበለጠ እንደሚሻላቸው አሳየ። የሚገርመው ግን እንዲህ የተሻላቸው ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱትም፣ ማስመሰያ ኪኒን የወሰዱትም ነበሩ። ምልክቱ የሰውየውን የመዳን ዕድል ተናገረ እንጂ ማዘዣው ላይ ምን ልጻፍ ለሚለው መልስ አልሰጠም።

ወንድምየው በጨዋነት አዳመጠኝ። በመጨረሻም «እሺ ዶክተር፣ ለማንኛውም ትነሳ» አለ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያስረዳሁት ለከፋዩ ነው። ታማሚዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ስለ ራሳቸው አንጎል ሲወራ፣ የነጠላቸውን ጥለት እየነካኩ ነበር። ለእሳቸው አንድም ቃል አላስረዳኋቸውም። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ሄደው ኤምአርአይ ተነሱ፤ ፖስታውም መጣ።

የተነሱት ኤምአርአይ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጥናቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት እንኳ አይደለም። ቅርጽን ነው የሚያሳየው። የተዘጋ ሱቅ ፎቶ እንደማንሳት ነው፦ መደርደሪያው ይታያል፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታያል፤ ገበያው ግን አይታይም። ዕጢ፣ የደም መፍሰስ፣ የቆየ ጉዳት ካለ ለማወቅ ይጠቅማል። ድብርቱ በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ የሚጥል በሽታ ካለ፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ እኔም አዝዛለሁ። እሳቸው ከእነዚህ አንዱም አልነበረባቸውም። ስለዚህ «ያልተለመደ ነገር አልታየም» የሚለው ውጤት ሳይነሱም የሚጠበቅ ነበር።

ቤተሰቡ ግን ያነበበው ሌላ ነው። «ጭንቅላቷ ደህና ነው ተብሏል» ተባለ። አማታቸው «ከአላህ በታች መሣሪያው ያውቃል፤ ተነሽና ሥራሽን ሥሪ» አሏቸው። ወይዘሮዋም አመኑ። መድኃኒቱን አቆሙ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ለ12 ቀናት መስመር አላሰመረችም። ፖስታውን ይዘው ሲመጡ ነጥባቸው 22 ነበር። አንድ ምስል፣ ያውም ደህና የሆነ ምስል፣ ሰው ሊያሳምም እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ይህ መሣሪያ የእርስዎን ሕመም የሚያይበት ዓይን የለውም። አልዋሹም» አልኳቸው። የሱቁን ምሳሌ ያኔ ነው የነገርኳቸው፤ ከአንድ ወር በፊት መናገር የነበረብኝን።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። «የጎንዮሽ ጉዳት የለም» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

አሚትሪፕቲሊን 100 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው አፉ ይደርቃል። ሆዱ ይደርቃል። ጠዋት ራሱን ያዞረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ይተኛል። እሳቸው ከእነዚህ አንዱም አልደረሰባቸውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንደበፊቱ ይነቁ ነበር። ይባስ ብሎ 12 ቀናት በድንገት ሲያቆሙ አቅለሽልሿቸው፣ አልቧቸው፣ ተረብሸው መሆን ነበረበት፤ አንዳች አልተሰማቸውም። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ጽፌው ነበር። ዜናው ግን ሌላ ነው፦ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ በበቂ መጠን አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁልጊዜ «አልወሰዱትም ይሆናል» የሚለው ነው። የልጅቷ ደብተር ግን ፊቴ ነበር፤ አንድም ማታ አልተዘለለም፤ እስከ አዲስ አበባው ጉዞ ድረስ። መድኃኒትን ከሰውነት ቶሎ የሚያጠፉ ሌሎች ነገሮችንም ጠየቅኩ። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አጣራሁ፤ አይወስዱም። ጫት ጉዳዩን በተቃራኒው ሊያዛባው ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊንን ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች አንዱን እንደሚያዳክም በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ ታይቷል። እሳቸው ግን ዱአ ላይም ቢሆን ቡና እንጂ ጫት አይነኩም።

የቀረው ያ ኢንዛይም ራሱ ነው። ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል፤ ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን፣ አሚትሪፕቲሊንንና ከእሱ የሚወጣውን ኖርትሪፕቲሊንን ጭምር ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ስዊድን ካለው የካሮሊንስካ ተቋም ባሳተሙት ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29 ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ጅን ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ተባዝቶ ተገኘባቸው። ስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ 1 ወይም 2 ነው። ጅኑ የተባዛበት ሰው ጉበት መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ያፈርሰዋል። ከእኛ ሦስት ሰዎች አንዱ ለማለት ትንሽ የጎደለ ቁጥር ነው። ያም ሆኖ ለዚህ ሕመም ገጠር ድረስ የምናዳርሰው አንዱ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ነው፤ የምንጽፈውም መጠን ሌላ አገር ሰው ላይ ተለክቶ የመጣ ነው።

ነገሩ በጅን ብቻ አያበቃም። ያው የእሌኒ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ጅን ያላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩት ኢንዛይማቸው ስዊድን ከሚኖሩት ያነሰ ይሠራል። ምግቡ ይሁን ሌላ፣ አካባቢው ራሱ ጉበት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ወንድማቸው አሜሪካ፣ እሳቸው ደሴ፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንድ ኪኒን አንድ ዓይነት ላይሆንላቸው ይችላል። ይህን ለወንድምየው ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

የወይዘሮዋን ጅን አላስመረመርኩም፤ በደማቸው ያለውን የመድኃኒት መጠንም አላስለካሁም፤ ሁለቱም እኔ የምሠራበት ቦታ አይሠሩም። ስለዚህ «ጅናቸው ተባዝቷል» ብዬ አልምልም። በእጄ ያለው የአፍ መድረቅ አለመኖርና የአንዲት ልጅ ደብተር ነው። ለውሳኔ ግን በቃኝ። አንጎላቸው የትኛውን መድኃኒት ይፈልጋል ብሎ ከመጠየቅ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር፦ መድኃኒቱ አንጎላቸው ደርሶ ያውቃል? ሁለት መድኃኒት «አልሠራላቸውም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንደኛው ምናልባት አልደረሰም፤ ሁለተኛው አሥር ቀን ብቻ ተወስዷል። መድኃኒት የማይበግረው ድብርት የሚለውን ስም ከካርዱ ላይ ሰረዝኩት።

የደም ጠቋሚዎችንም ነገር ወንድምየው አልተወኝም፤ እኔም አልከፋኝም። የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ መጀመሪያውኑ አሠርቼ ነበር፤ እንቅርት በበዛበት ደጋ ሕዝብ ላይ ይህን ሳያዩ ድብርት ማከም ስንፍና ነው። ደህና ነበር፤ ደም ማነስም የለባቸውም። የሰውነት ብግነትን የሚለካው ሲአርፒ ተስፋ ሰጪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ሲአርፒያቸው በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች የሆኑ ታካሚዎች በኤስሲታሎፕራም፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኖርትሪፕቲሊን የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይሁንና ጉንፋን፣ የጥርስ ቁስል፣ የሆድ ኢንፌክሽን ይህን ቁጥር በአንድ ሌሊት ያዘልሉታል። ደሴ ገበያ መሐል አቧራ ውስጥ የሚውል ሰው ላይ የተገኘ 3 ሚሊ ግራም ምን እንደሆነ እኔ ልተረጉም አልደፍርም። የእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ፍቅር ሲይዘው የመጀመሪያው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ሰጥቶ ኮርቲዞል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን በመለካት ድብርትን እንለያለን ተብሎ ብዙ ከተወራ በኋላ ምርመራው ቀስ ብሎ ከክሊኒክ ወጣ።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም ጀመርን። የመረጥኩት የማፍረሱ ሥራ በዋናነት በሌሎች ኢንዛይሞች የሚከናወን በመሆኑ ነው። ፍሉኦክሴቲንን በትክክል ልሞክረው እችል ነበር፤ ርካሽም ነው፤ እሳቸው ግን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ፤ የማይዋጥ መድኃኒት ደግሞ አይሠራም። ፍሉኦክሴቲን ሲዋይፒ2ዲ6ን ስለሚያግድ አሚትሪፕቲሊኑ ላይ ደርቤ መጠኑን ከፍ ማድረግም አስቤ ነበር። ለልብ አደገኛ ነው፤ የደም መጠን ሳይለኩ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር በሰው ቤት እሳት መጫወት ነው።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። «ሆዷን ያላውሳታል፤ ያቅለሸልሻታል፤ ትተወው ወይ?» አለች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለታማሚ የማይነገር ደስታ ነው፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድኃኒት መልስ መስጠቱ ነበር። ከምግብ በኋላ እንዲወስዱት፣ በሳምንት ውስጥ እንደሚያልፍ ነገርኳት። አለፈ።

ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ትንበያ በወረቀትና በእስክርቢቶ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የ6,562 ታካሚዎችን መረጃ ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ ቢያንስ በ20 በመቶ ያልቀነሰለት ሰው በዚያው መድኃኒት ኋላ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። እኛ ግን «ከወር በኋላ ይመለሱ» ብለን እንሸኛለን። በሁለተኛው ሳምንት ጠራኋቸው። ከ22 ወደ 16 ወርደዋል። በአራተኛው ሳምንት 13 ሆነ፤ መጠኑን 100 አደረግሁት።

ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነው። ሊጾሙ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ አልተከራከርኩም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ኪኒን ነው፤ ካፈጠሩ በኋላ ይውጡት። ከጾሙ ይልቅ ሰዎች በጾሙ ምክንያት ሳይነግሩን መድኃኒት ማቆማቸው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳን፤ ስለዚህ ሰዓቱን አብረን ደብተሩ ላይ ጻፍነው። መጋቢት 8 ቀን በስምንተኛው ሳምንት ነጥባቸው 9 ነበር። ቅሬ ሄደዋል፤ ያውም በራሳቸው እግር።

መጋቢት ውስጥ ሌላም ነገር ሆነ። ዕቁብ ወጣላቸው። የዱቤውን ግማሽ ከፈሉ። ታዲያ ያዳናቸው ሰርትራሊኑ ነው፣ ዕቁቡ ነው፣ ወይስ «አልዋሹም» መባላቸው? በአንድ ሰው ላይ ይህን መለየት አይቻልም። ለወንድምየው ስለ ኤምባርክ ስነግረው የነበረው ይኸው ነው፤ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሚሻል ሰው እንዳለ። የሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ከዕቁቡ ቀድሞ መምጣቱ ወደ መድኃኒቱ ያደላኛል። ማድላት ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ ሲመጡ 4 ነጥብ አመጡ። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል፤ «ድኛለሁ እኮ» ብለው ትንሽ ተከራከሩኝ፣ ተሸነፉ። ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ኮረሪማ አውጥተው ሰጡኝ፤ ቀጥለው ጠረጴዛዬ ላይ ካለው የቡና ሲኒ አጠገብ ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ይህን ቅመም ማን ነው የሸጠልዎት? ክረምት ያገኘው ነው» አሉ።

የኤምአርአዩን ፖስታም ይዘውት ነበር። ውስጡ የዱቤ ደብተራቸው ነው፤ ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ ለዚያ ተስማምቷቸዋል። ፊልሙ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ወስዳዋለች፤ የባዮሎጂ መምህሯ ክፍሉ መስኮት ላይ ለጥፎታል።